አሥር ደቂቃ

ከቴዡ ወንዝ ማዶ፣ ቫል ሴኩ መንደር ላይ፣
ሁለት ተረተሮች ይተኛሉ አብረው፣
እንደ ተኳረፉ ባልና ሚስት ሆነው፣
አንዱ የአንዱን ፊት ለአፍታ እንኳ ሳያይ።
መሐል ሸለቆው ነው፦ ጥቂት ድንጋይ ቤቶች፣
ቡሻቸው ተልጦ እግራቸው የቀላ ዛፎች።

እኛ የመጣነው ነፋስ ልንቆጥር ነው።
ሜዳ ላይ ቀላል ነው፣ አንድ ምሰሶ በቂው፤
ተራራ ሲገጥመው ግን ጠባዩ ሌላ ነው፦
ዳገቱን ይሮጣል፣ ጫፉ ላይ ይፈጥናል፣
ቁልቁል ሲወርድ ግን ሰክሮ ይንገዳገዳል፣
አንዳንዴም ተጸጽቶ ወደ ኋላ ይላል።
ሲመሽ ቀዝቃዛው አየር ሸለቆውን ሞልቶ
እንደ ገንዳ ውኃ ያድራል ረግቶ፤
ከላይ ማዕበል ሲያልፍ፣ ከታች የወይራ ቅጠል
እንኳን ሊወዛወዝ፣ ትንፋሽ አይቀበል።

ሠላሳ አራት ምሰሶ በሚያዝያ ተከልን፣
በየምሰሶው ክንድ ሦስት ሦስት ጽዋ ሰቀልን፣
ከነፋስ በቀር ማንም የማይጎነጭባቸው።
ጨረር የሚተፋ ማሽንም አለን፣
አቧራ ላይ ነጥሮ ሲመለስ የሚሰማ፤
ሲግኔ ከዴንማርክ ይዛው መጥታ፣ እንደ ሕፃን
ፀሐይ እንዳይመታው በጃንጥላ ታስጠልለዋለች።

የጊዜያችን ልክ አሥር ደቂቃ ነው።
ሽውታም ይሁን እፎይታ፣ ግሣትም ይሁን ዝምታ፣
ተደምሮ፣ ተካፍሎ፣ አንድ ቁጥር ይሆናል።
ቁጥሮቹን የማጣራው እኔ ነኝ፣ ኢዛልቲና፣
ዓይኔን እስኪያቃጥለኝ፣ ጎተራ በነበረው ቢሮ፣
አይጥ ገመድ በሚበላበት።

ምሰሶ አሥራ ሰባት፣ በአዴሪቱ ማሳ፣
ታችኛው ክንድ፣ ከመሬት ሁለት ሜትር፦
ዘወትር ሐሙስ፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ከሃያ፣
ዜሮ።
ሙሉ አሥር ደቂቃ ዜሮ።
ላይኛዎቹ ግን ይሽከረከራሉ።
ሲግኔ «ዝገት ነው» አለች፤ ዘይት ይዛ ሄደች።
እኔ «የሸረሪት ድር» አልሁ፤ ጠረግሁ።
በሦስተኛው ሐሙስ ከቀፎዎቹ ጀርባ ተደብቄ ጠበቅሁ።
ንብ እፈራለሁ፤ ግን ጠበቅሁ።

መጣ። ኮፍያውን አወለቀ።
አንዱን ጽዋ በመዳፉ ያዘው፣ ጫጩት እንደሚይዝ ሰው፣
የማይጨፈልቅ፣ የማያስመልጥም አያያዝ።
አይቶኛል፤ አልደነገጠም።
«ነፋሱን አይደለም የያዝሁት» አለኝ፣ «እሱንማ ማን ይይዘዋል።»

ከዚያ ነገረኝ፣ ቀስ ብሎ፣ ሒሳብ እንደሚያወራርድ፦
የዛሬ ስድስት ዓመት፣ ጥቅምት፣ ሐሙስ ቀን፣
እሳቱ ያኛው ተረተር ላይ ነበር።
«ወደ ሰሜን ይሄዳል፣ አትስጉ» ብለው ነበር ሰዎቹ።
ሁለት ሰዓት ከሃያ ሲሆን ነፋሱ ዞረ።
ሸለቆውን ለመሻገር አሥር ደቂቃ አልፈጀበትም።
ቤልሚራ ቀፎዎቹን ልታርቅ ወጥታ ነበር።
«ማሽናችሁ ያውቃል?» አለኝ። «ያን ዕለት ለምን ዞረ?»

ልዋሸው ቃጣኝ።
ሞዴል አለን፣ ወደ ኋላ እናሰላለን፣ ልል፣
ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር።
«እኛ ያን ቀን አልነበርንም» አልሁት።
መዳፉ ውስጥ ጽዋው ተንቀጠቀጠ።
«እኔም» አለኝ። «መነጽር ላሠራ ከተማ ወርጄ ነበር።»

በመዝገባችን ላይ «ምክንያት» የሚል ዓምድ አለ፦
ዝገት፣ አመዳይ፣ ወፍ፣ የመብራት መቋረጥ።
ሲግኔ ክፍተቱን በጎረቤት ምሰሶዎች ቁጥር ልሙላው አለች፤
ደንቡ ይፈቅዳል።
ተይው አልኋት። በዓምዱ ውስጥ
«እጅ» ብዬ ጻፍሁ።

በመስከረም ምሰሶዎቹን ነቀልን።
ተረተሩ ላይ የሚቆሙት ክንፋሞች በዚህ ቁጥር ይተከላሉ፤
ምናልባት የቫል ሴኩን አምፖሎች ያበሩ ይሆናል።
ጽዋዎቹን ስቆጥር አንድ ጎደለ።
የት እንዳለ አውቃለሁ፦ መስኮት ላይ፣ ከመነጽሩ አጠገብ።
ምክንያት? ይላል ቅጹ።
«ነፋስ» ብዬ ፈረምሁ።